መቶ ሃያ ኢንች

«ከፍ አድርጊው… ሌላ ትንሽ… በቃ፣ እዚያ ለጥፊው» አለ ፕሮጀክተር ገጣሚው ባለሙያ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ቆማ የመጨረሻውን ፕላስተር የሳሎኑ ነጭ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ወርዳ ወደ ኋላ ብላ ስታየው፣ በፕላስተር የተከበበው ቦታ ግድግዳውን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ወርዱ ሁለት ሜትር ከስልሳ አምስት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል። መቶ ሃያ ኢንች ማለት ይኸው ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ያሰበችበት ነገር ነው። አባቷ እግር ኳስ ሲያይ «ኳሷ የት ገባች?» ማለት ከጀመረ ወዲህ ባለ አርባ ኢንቿ ቴሌቪዥን ጠላቷ ሆናለች። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲመለስ «እርጅና ነው፣ ሌላ ምንም የለውም አሉኝ» ብሏት አምናዋለች። ዓይን ከደከመ ምስሉን ማተለቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መማር አያስፈልግም። ልብስ ሲጠብ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ሳሎኑን በልብስ መለኪያዋ ሁለት ጊዜ ለክታ፣ ሶፋው የት እንደሚሆን ወረቀት ላይ ስላ ነው ባለሙያውን የጠራችው። እሱ በብርሃን በሚለካ መሣሪያው ሲለካው በሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ተለያዩ። «አንቺማ ከእኔ ጋር ሥራ ጀምሪ» ሲላት ኩራቷን መደበቅ አቃታት።

ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው አራት ሜትር ርቆ ኮርኒሱ ላይ ይሰቀላል፤ ምስሉ የሚያርፍበት ሸራ ታዝዞ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። የቀረው ትእዛዙን መጻፍ ብቻ ነው።

አባትየው ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ኳስ ያጫወተ ሰው ነው፤ ፊሽካውን ከሰቀለ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ዳኛው» ነው የሚለው።

«ሕዝቡ ዕድሜ ልኬን ‹ይሄ ዕውር› ሲለኝ ኖረ» አለ እየሳቀ። «አሁን ደግሞ ልጄ ስታዲየም ልትሠራልኝ ነው።»

«ጋሼ፣ አንዴ ልሞክርዎት» አለ ባለሙያው። «አንገትዎን ሳያዞሩ መሐሉን ብቻ ይዩልኝ። ዳር ዳሩ ካልታየዎት ሸራው በዝቷል ማለት ነው።» ለደንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። የግራውን ማዕዘን በእጁ ነካ። «ይሄ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል።»

ወደ ቀኙ ሄዶ እጁን አነሳ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራ፤ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተና ስልኩን ዘጋው።

«ሦስት ጣት ነው» አለ ዳኛው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ግድግዳው ላይ ጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ዓይኑን በጨው አጥቦ መሐል መሐሉን ያያል። ልጅቷና ባለሙያው ተያዩ። ባለሙያው መዳፉን ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ያንሸራትት ጀመር። «ሲታይዎት ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

መዳፉ ተጓዘ፣ ተጓዘ። ዳኛው ዝም።

«አሁን» አለ በመጨረሻ።

በግራም እንደዚያው ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በሁለቱ መሐል የቀረውን በዓይኗ ለካችው። ሰማንያ ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ያቺ የጠላቻት ቴሌቪዥን እንኳ በወርድ ትበልጠዋለች።

«እህቴ» አለ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባተለቅነው ቁጥር የሚጠፋባቸው ይበዛል።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ይህን መፍራት እንኳ አልጀመረችም ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«የዓይን ግፊት ነው አለኝ። ከዳር ጀምሮ እየበላ ነው የሚመጣው። የሄደው አይመለስም።»

«የቀረውስ?»

«እሱም ይሄዳል። ወራት ነው አለ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ? አብረን ከማልቀስ በቀር።» እጇን በዳበሳ ፈልጎ ያዘው። «ሜትርሽን ይዘሽ ወዲያ ወዲህ ስትይ ፊትሽ ይፈካል። እሱን ከነጠቅሁሽማ ምን አባት ነኝ ብዬ ነው።»

ሦስት ወር። ለስፋትና ለርዝመት ስትጨነቅ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኑ እያነሰ ነበር። ተናደደችበት፣ አንጀቷንም በላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አላወቀችም።

ባለሙያው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «አነስ ያለ ሸራ ልዘዝልሽ እችላለሁ። እሱም ግን ሁለት ሳምንት ነው።»

«ፕሮጀክተር መኪናህ ውስጥ የለም?»

«ለማሳያ የምይዘው አለ።»

«ጠረጴዛ ላይ አድርገን ግድግዳው ላይ ብናበራውስ?»

«ይሆናል። ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ምስሉ ያንሳል። ግን ሽቦው መሐል ቤት ይጋደማል፣ አያምርም።»

«አይመር።» ተነሣች። «አባዬ፣ የዛሬው ጨዋታ በስንት ሰዓት ነው?»

«በዘጠኝ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ እንኳ አይባልም፣ ደካማ ቡድኖች ናቸው። የእሑዱ ነው ደህናው።»

ቤት ውስጥ ያለው ጠንካራ ጠረጴዛ የልብስ መቁረጫዋ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት የምታስረክበው የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ተቆርጦ፣ በስፒል ተያይዞ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶበታል። ለአንድ አፍታ ቆማ አየችው። ከዚያ ከነስፒሉ ሰብስባ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ጣለችው።

«እሑድን አንጠብቅም» አለች። «ወንድሜ፣ ጠረጴዛውን በዚያ ወገን ያዝልኝ።»