የድመቷ ግጥም ሰባተኛ ስንኝ

ከከተማው አስተዳደር የመጣው ሱጊሞሪ ትንሽም አልተለሳለሰም። "ወይዘሮ ኪኑዌ፣ የእጅ ጽሑፍ ባለሙያው አይቶታል። ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ጽሑፍ የተማሪው እንጂ የራሱ የገንቶ አይደለም። የገጣሚው የእጅ ጽሑፍ አንድ እንኳ የሌለበት ቤት ሙዚየም አይባልም። በወሩ መጨረሻ ቁልፉን እረከባለሁ።"

ኪኑዌ ሃይኩ በሚባለው ባለሦስት ስንኝ አጭር ግጥም የታወቀውን የገንቶን ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ባል ቢኖራት እንኳ ይህን ያህል አትታገሰውም ነበር።  ቤቱ ቢዘጋባትም ወረቀቱ የተቀደደ በር ይዛ ቤት የምታስረክብ ሴት አይደለችም፤ በማግስቱ በር በወረቀት የሚያለብሱትን ሽማግሌ፣ ቶኩጂን፣ አስጠራች።

"ሊዘጉት ነው እያልሽ ታሳምሪዋለሽ?" አሏት።

"ገንቶን ማዋረዳቸው ይበቃል፣ አባባ። እኔን ደግሞ ዝርክርክ አይሉኝም።"

ቶኩጂ የተንሸራታቹን በር የላይ ወረቀት በውሃ አርሰው ላጡት። እንደ ማንኛውም የድሮ በር ከሥሩ አሮጌ ወረቀት ተደራርቦበታል፤ ድሮ ወረቀት አይጣልም፣ በር ይደለደልበታል። መጀመሪያ ጋዜጣ ወጣ። ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ። በሦስተኛው ላይ የሽማግሌው እጅ ቆመ።

"ነይ እስቲ። እኔ ዓይኔ ደክሟል።"

በብሩሽ የተጻፈ ነው። የከተማው ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው የገንቶ የድመቷ ግጥም፤ "ዝናቡ አባራ፣ የጎረቤት ድመት"። የመጨረሻው ስንኝ ግን "ተኛች" ይልና ተሰርዟል። "ሄደች" ይልና ተሰርዟል። ስድስት ጊዜ ተሰርዞ፣ በሰባተኛው ሁሉም የሚያውቀው መጣ፤ "ናቀችኝ"። ኪኑዌ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የገንቶ ሚስት ቆጣቢ ነበረች ሲባል ትሰማ ነበር። ለካ ባሏ የጣለውን ሁሉ ለቃቅማ በር አልብሳበታለች!

ከሰዓት በኋላ ሱጊሞሪ ተጠርቶ መጣ። ተንበርክኮ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"ይሄም የተማሪው ቢሆንስ?" አለ፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

"አንተ ልጅ፣ የሚገለብጥ ሰው ስድስት ጊዜ ይሰርዛል?" አለችው ኪኑዌ።

ሱጊሞሪ ይቅርታ ለመጠየቅ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ አለ። ቶኩጂ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ኪኑዌ ግን ደስታዋን የምትሸፍንበት ምክንያት አልታያትም።

"ለባለሙያህ ደውልለት" አለችው። "ነገ ምሳውንም ይዞ ይምጣ በለው። ገና ያልተላጠ አሥራ አንድ በር አለን።"