ያልተሰረዘው መስመር

ሲቪዋን ለመጨረሻ ጊዜ እንድታየው አማካሪዋ የሰጧት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። «ሐሙስ ለቃለ መጠይቁ ስትቀርቢ፣ የጻፍሽውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው እንዳይኖር» ብለው ነው የሰጧት። የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ የመጀመሪያውን ገጽ በደስታ፣ ሁለተኛውን በጥድፊያ አነበበች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመችና መልሳ አነበበችው።

«የተማሪዎች ሸማቾች ማኅበር ሊቀመንበር፤ ለሁለት ዓመት የሰባት ሰዎች ቡድን መሪ።»

ማንንም መርታ አታውቅም። በንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ክፍል በቆየችባቸው አራት ዓመታት እጇን ያወጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም መስኮቱ ይዘጋልኝ ለማለት። ያን ዕለት መምህሩ «እንዴ፣ ይቺ ልጅ ትናገራለች ለካ?» ብለው ክፍሉን አሳቁባት። ጓደኞቿ «ጭምቷ» ይሏታል። ከመለመዱ የተነሣ አሁን አሁን እሷም ስትጠራ ዞር የምትለው በዚሁ ስም ነው።

መስመሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ያለው የሥራ ማመቻቻ ቢሮ ለተመራቂዎች ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል። ሲቀመጥ የናሙና ሲቪ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፤ በዓለም ላይ የሌለ ጎበዝ ተመራቂ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ያልመራው ነገር የሌለ ሰው። ተማሪው የዚያን ጎበዝ ኑሮ ከላይ ወደ ታች እየሰረዘ የራሱን ይተካል። ጭምቷ ደግሞ አንድ ቃል ለመምረጥ ሦስት ደቂቃ የምትፈጅ ናት። ተረኛው ከኋላዋ ቆሞ የወንበሩን መደገፊያ በጣቱ ሲቆረቁር ደንግጣ ተነሣች። የመጨረሻው መስመር ከስክሪኑ በታች ነበርና አላየችውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የሷ ግን አልተፈታም፤ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ቀጣሪው ሄደ።

አማካሪዋስ እንዴት አለፉት? ተማሪው ሁሉ «ቀይ እስክሪብቶ» የሚላቸው ሴትዮ ናቸው፤ የጎደለች ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጣቸውም። ጭምቷ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። ናሙናውን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ሰው የገዛ ጽሑፉን አያርምም፤ ዓይኑ እንደ ቤቱ ደጃፍ ረግጦት ያልፋል። ካለፉት በኋላ ደግሞ «ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል» የሚለውን ማኅተም መቱበት። ለሐሙስ የጠራት ድርጅት ዕቃ አከፋፋይ ነው። በየዓመቱ ከትምህርት ክፍሉ ሁለት ተማሪ ጠርቶ አንድ ይወስዳል፤ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም፤ የሚያምነው ያንን ማኅተም ነው። በዚህ ዓመት ከሌላ ቦታ የጠራት የለም።

ረቡዕ ጠዋት የልምምድ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ቀይ እስክሪብቶ ለዚህ ብቻ የሚለብሷትን ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርገው፣ ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡ። ስለ ትምህርቷ ጠየቋት፤ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ መለሰች። ስለ ድክመቷ ጠየቋት፤ እየተንቀጠቀጠ መለሰች። ከዚያ ወረቀቱን ገለጡ።

«ስለ ሸማቾች ማኅበሩ ንገሪን።»

የካሜራው ቀይ መብራት ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ ዝም ካልሽ እኮ ወንበሩ ባዶ ነው ብለው ነው የሚያልፉሽ።»

«የኔ አይደለም» አለች ጭምቷ።

«ምኑ?»

«መስመሩ። ከናሙናው የቀረ ነው። ሳልሰርዘው...»

ቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱን አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ። ካሜራውን አጠፉና ሄደው በሩን ቆለፉ። ጭምቷ እኚህ ሴትዮ ሲቆጡ እንጂ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። ተመልሰው ሲቀመጡ እጃቸው ኮታቸውን እንደያዘ ነበር።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ባለፈው ዓመት አንዱ ያልሠራበትን ቦታ ሠርቻለሁ ብሎ ተያዘ። የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ሁለተኛ ማኅተምዎን አምኜ ሰው ጠርቼ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ፣ ደጃችሁን አልረግጥም።› የሚጎዳው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከኋላሽ የሚመጡትም ናቸው። እኔም ነኝ።»

«ደውለው ቢነግሯቸውስ?»

«ነገ ልትቀርቢ ዛሬ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማኅበሩ የእውነት ነበረ፤ አሁን ፈርሷል። መዝገብ የለው፣ ቢሮ የለው። ማን ሄዶ ያጣራል? ቀና በይ። ትለማመጂዋለሽ።»

ተለማመደች። ሰባት አባላት፣ በየሳምንቱ ስብሰባ፣ ሳሙናና ደብተር በጅምላ መግዛት፣ የተጣሉ ሁለት አባላት፣ እሷ እንዴት እንዳስታረቀቻቸው። የተጣሉትን ሰዎች የጨመሩት አማካሪዋ ናቸው፤ «ጠብ የሌለበት ታሪክ አያምኑም» ብለው። አንዴ ተናገረችው፣ ደገመችው። በሦስተኛው ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ራሷ ስትናገር የሚርገበገበው ድምፅ፣ ስለሌለችው ሊቀመንበር ሲናገር ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ይኸው» አሉ ቀይ እስክሪብቶ ቀስ ብለው። «ትችያለሽ እኮ።»

ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይሄ ነበር።

ማታ ልብስ ሰፊ እናቷ የታላቅ እህቷን ኮት በልኳ ሊያስተካክሉላት መስተዋቱ ፊት አቆሟት። አናጢው ወንድሟ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ያያታል።

«ዝም የሚል ሰው ፈልገው ከሆነ እኮ አንደኛ ናት» አለ። «በቀጥታ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚያደርጓት።»

«ተዋት» አሉ እናቷ በጥርሳቸው መርፌ እንደነከሱ። «ዝም ያለ ሁሉ ሞኝ አይደለም። እኔ እንደሁ መጠራትሽን ለማንም አልተናገርኩም። ለሱቋ ሴትዮና ለአክስትሽ ብቻ።»

«አክስቴ ካወቀች በዜና ተነግሯል ማለት ነው» አለ ወንድሟ።

ጭምቷ መሳቅ ነበረባት፤ አልሳቀችም። «እማ» አለች፣ «ሰው ያልሆነውን ነኝ ብሎ ቢገባ...»

«ቀጥ በይ፣ ትከሻሽ ተንሻፈፈብኝ» አሉ እናቷ። መርፌዋ ብብቷ ሥር በጨርቁ አለፈች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እናቷ ራሳቸው ናቸው፤ ያን ምሽት ግን ያሳሰባቸው የትከሻዋ ነገር ብቻ ነበር።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ደረሰች። ድርጅቱ መጋዘን ላይ የተሠራ ፎቅ ነው፤ ደረጃው የካርቶንና የሳሙና ሽታ ይዞ ይወጣል፣ ወለሉ ከታች የሚጎተት ጋሪ ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ከስብሰባ ክፍሉ ውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሯት የተጠራው ሁለተኛው ተማሪ ተቀምጧል። የትምህርት ክፍሏ ልጅ ነው፤ «ደላላው» ይሉታል፤ ያገለገለ መጽሐፍ ለሚሸጠውም ለሚገዛውም እሱ ነው የሚያስማማው።

«ጭምት፣ አንቺ ነሽ እንዴ ተቀናቃኜ? ተመስገን፣ በወሬ አትበልጪኝም።» ጠጋ አለላት። እጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። «ለሁለት ዓመት... የሰባት ሰዎች...»

ጭምቷ ዘወር ብላ አየች። ያው መስመር ነው፤ ያው ማኅተም ከሥሩ።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«ምኑ? ሊቀመንበሩ?» ሳቀ። «የናሙናው ነዋ። አምሮ የተጻፈ ነገር ምን ብዬ እሰርዘዋለሁ? ማን ያነበዋል ብለሽ ነው።»

«እኔም ጋ አለ።»

ሳቁ ግማሽ ላይ ቆመ። ወረቀቷን ተቀብሎ አየና ወደ በሩ አየ። «ማለት... ሁለታችንም ሊቀመንበር?»

«ያው ማኅበር።»

«እንግዲያው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ምክትል ሁኚ።»

«ሊቀመንበር ነው የሚለው። ተጽፏል።»

«በየተራ መርተን ነው በያ። አንድ ዓመት አንቺ፣ አንድ ዓመት እኔ።»

«‹ሁለት ዓመት› ይላል።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ነው አፍሽ የተፈታው?» ቢልም ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር። በሩ ተከፈተና ስሙ ተጠራ። ክራቫቱን አጠበቀና ገባ።

ጭምቷ ጭጋግ በመሰለው የበሩ መስታወት ሦስት ጥላ እያየች ተቀመጠች። አንዴ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ያ ሳቅ የምን ነው? እጇን ጭኗ ሥር ደበቀች። ተነሥታ ብትሄድስ? ደረጃው ቅርብ ነው። ግን ሄደችም አልሄደች፣ ሁለቱ ወረቀቶች እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ደላላው ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቧ ሲያልፍ «ጠየቁኝ። ነበርኩ አልኩ» ብሎ ሹክ አላትና አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ አጭር ጠጉር ያላቸው ሴትዮ ናቸው፤ የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ ግዙፍ ሰው። ኃላፊዋ ስለ ትምህርቷ አልጠየቋትም። ስለ ድክመቷም አልጠየቋትም። ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ጣታቸው ወደ እሷ አዙረው ገፉላት።

«ስለ ሸማቾች ማኅበሩ ንገሪን።»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ሰባቱ አባላት፣ ሳሙናው፣ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች፤ ሁሉም ተሰልፈው ይጠብቋታል። ድምጿ ቀጥ እንደሚል ታውቃለች። አንድ ትንፋሽ ሳበች።

«አልነበርኩም» አለች፤ ድምጿ ተርገበገበ። «መስመሩ ቢሮው ከሚሰጠን ናሙና ላይ የቀረ ነው። ሳልሰርዘው ቀረሁ። ያየሁት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ መደወል ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

የመጋዘን ኃላፊው እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ።

«አማካሪሽ ያውቁ ነበር?» አሉ ሴትዮዋ።

ይህን አልተለማመደችም። የተቆለፈው በር፣ ኮቱን የያዘው እጅ ፊቷ ድቅን አሉ። ውሸት አልናገርም ብላ ከወሰነች ግማሽ ደቂቃ አልሞላትም፤ እውነቱ ደግሞ የሌላ ሰው እንጀራ ነው።

«እኔ ስለ እኔ ነው መናገር የምችለው» አለች። «እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

«እንጠይቃቸዋለን» አሉና ስልኩን አንሥተው ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጠራ። ጭምቷ ባያነሱት ብላ ተመኘች። በአራተኛው ተነሣ።

ሴትዮዋ በሁለቱም ተማሪዎች ወረቀት ላይ ያለውን መስመር ያውቁ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቁ። ወለሉ ሥር ጋሪ አለፈ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጨቀጨ፣ ጸጥ አለ።

«አውቅ ነበር» አሉ ቀይ እስክሪብቶ። «ትናንት ነግራኛለች። ደውለው ይንገሯቸው ብላኝም ነበር። ተለማመጂው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ልጅቱ የተለማመደች አትመስልም።»

«ተለማምዳለች። አሳምራ ነበር የምትለው። የልጁን ግን አላወቅሁም። እሱንም ሳላየው ነው ያለፍኩት። ናሙናው የኔ ጽሑፍ ነው።»

«አመሰግናለሁ» ብለው ሴትዮዋ ስልኩን ዘጉ። ማስመሪያ አንሥተው መስመሩን በቀስታ ሰረዙት። ወረቀቱ ላይ ከሱ በላይ አንድ የሥራ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በቤተ መጻሕፍቱ ለሁለት ክረምት የተመለሱ መጻሕፍትን በየመደርደሪያቸው መመለስ።

«ይሄስ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቦታውን የሳተ መጽሐፍ እንዴት ታገኛለሽ?» አለ የመጋዘን ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የሚመሳሰሉ ቁጥሮችን አያለሁ» አለች። «ሰው ሲቸኩል ስድስትና ዘጠኝ ይገለባበጡበታል። ከዚያ ደግሞ መሆን ካለበት አንድ መደርደሪያ ዝቅ ብዬ አያለሁ፤ የደከመው ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያስገባው።» እየተንቀጠቀጠች ተናገረች፤ እየተንቀጠቀጠችም ጨረሰች። ሰውዬው ምንም ሳይጽፍ እስክሪብቶውን ወደ ጆሮው መለሰ።

ሴትዮዋና እሱ ተያዩ።

«ሰኞ በሁለት ሰዓት ዕቃ መረከቢያ ነይ» አሉ ሴትዮዋ። «አንድ ሳምንት እናይሻለን፤ ከዚያ እንነጋገራለን። የቢሯችሁ ማኅተም ግን ከዛሬ ጀምሮ እኛ ዘንድ አይሠራም። ይህንን ለእሳቸው እኔው እጽፍላቸዋለሁ። አሁን ውጪና ያን ልጅ መልሰሽ ላኪው።»

ደስታ መጣና ደረቷ ላይ ሳያርፍ አለፈ። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ታዩዋት፤ ያንን አንድ ኮምፒውተር ከበው ሃያ ደቂቃቸውን የሚጠብቁት።

ደላላው ስትወጣ ብድግ አለ። «ምን አልሽ?»

«ከናሙናው የቀረ ነው አልኩ።»

«እኔ እኮ ነበርኩ ብያለሁ» አለ። ድምፁ ቀልዱን ሁሉ ጥሎ የሕፃን ሆነ። «ጭምት፣ እኔ እኮ ነበርኩ ብያለሁ።»

«ይጠሩሃል።»

«ምን ልበላቸው?»

በየተራ መርተናል በል ልትለው አትችልም፤ እውነቱን ተናገር ማለት ደግሞ ከዚያ ክፍል ለወጣ ሰው ቀላል ነው።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለችው። «አሁንም እጄን እየው።»

አየው። ከዚያ የራሱን አየ። ክራቫቱን ሊያጠብቅ ሞክሮ ተወውና በሩን ገፍቶ ገባ። ጭምቷ መሄድ ትችል ነበር፤ እናቷ እቤት ስልኩ አጠገብ ሆነው ወሬዋን ይጠብቃሉ። ግን እስኪወጣ ልትጠብቀው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከመስታወቱ ወዲያ ሁለቱ ጥላዎች ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ጥላ፣ ወንበር እየተሳበለት፣ ገና እንደቆመ ነው።