ባካሪን ያጠበው ሰው

ከቢር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጀናዛ እንዳጠበ ቆጥሮ አያውቅም። በጀርመን አገር ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ሰፈር አጠገብ ባለው መስጊድ ሰው ሲሞት ይደወልለታል፤ እሱም ከመጋዘን ሥራው ፈረቃ ተቀያይሮም ቢሆን ይደርሳል። ሥራውን ያስተማሩት የሞሮኮ ሽማግሌ «አጣቢ ለስላሳ እጅና የታሰረ ምላስ ያስፈልገዋል፤ በሬሳ ላይ ያየኸውን ነውር አፈር እስክትለብስ ለማንም አታወራም» ይሉት ነበር። ከቢር ይህን ቃል ጠብቆ ኖሯል። ሚስቱ አይሻ እንኳ ከዚያ ክፍል ሲመለስ ምን አየህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

አንድያ ልጁ ነቢል ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ ዚንድሊንገን ሰፈር አድጎ፣ አሁን ከኬሚካል ፋብሪካዎቹ በአንዱ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ክሪኬት የሚባለውን በመምቻ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ የለመደው እዚያ ካገኛቸው አፍጋኖችና ፓኪስታኖች ነው። ሥራ በማይገባበት ቀን ወንዙን ተሻግሮ ሽቫንሃይም ጫካ ዳር ወዳለው ሜዳ ይሄድና ሲመሽ ፀሐይ ጠብሶት ይመለሳል። ከቢር ግን ጨዋታው ገብቶት አያውቅም። «ቀኑን ሙሉ ተገትራችሁ አንድ ኳስ ስትጠብቁ ትውላላችሁ» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ሰኔ ላይ ነቢል ገበታ ቀርበው ሳሉ፣ «እሑድ ከሞምባሳ ቡድን ይመጣብናል» አለ።

ከቢር ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከየት?»

«ከኬንያ፣ ከሞምባሳ። ከአገራቸው ወጥተው ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነው። ሁሉም ሠራተኞች ናቸው፤ እንደኛው ለፍቅራቸው ነው የሚጫወቱት። ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ተዘጋጅተዋል አሉ።»

ከቢር በወጣትነቱ ከደሴ ወጥቶ፣ በሞያሌ ተሻግሮ፣ ሰባት ዓመት ሞምባሳ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሟል። ጀርመን እስኪገባ ድረስ እንጀራ የሰጠችው ያቺ ከተማ ናት። «እኔም እመጣለሁ» አለ። ነቢል ቀና ብሎ አየው። አባቱ ሊያየው ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ዕለት ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ አናት ይበሳ ነበር። እንግዶቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ነጭ ልብሳቸው ገና ከሻንጣ ስለወጣ መታጠፊያው ይታያል። አለቃቸው ሹዓይብ የሚባል አርባ የተጠጋ፣ ዝምተኛ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ታናሽ ወንድሙ ባካሪ ደግሞ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ፣ መለሎ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ከቢር ዝገት በበላው ስዋሂሊው ሰላም ብሎ ሞምባሳ መኖሩን ሲነግራቸው ባካሪ ሮጦ መጥቶ አቀፈው።

«አባቴ፣ የትኛው ሰፈር ነበሩ?» አለው።

ከቢር ሰፈሩን ነገረው። ባካሪ ጭኑን መትቶ፣ «እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት! የእናቴ ቤት አሁንም እዚያው ነው» አለ። ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ስለ አሮጌው ገበያ፣ ስለ ወደቡ አለቆች፣ ስለ ሞቱትና ስላሉት ሲያወጉ ቆዩ። ከቢር በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ተራው ደርሶ ባካሪ መምቻውን ይዞ ሜዳው መሐል ሲቆም አናቱ ላይ ራስ መከላከያው ሄልሜት ነበረው። ጥቂት ቆይቶ አወለቀውና ሜዳው ማዶ ወደ ቆመው ወንድሙ ሄደ። «ይሄ ነገር ጭንቅላቴን እየቀቀለው ነው።» ሹዓይብ «አድርገው» አለው። ባካሪ ስቆ በእጁ አስጨበጠውና ተመለሰ። ዳኛውም ልጅ አይደለም ብሎ ዝም አለ።

ወርዋሪው ነቢል ነበር። በክሪኬት ወርዋሪው ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣል፤ ኳሱም መሬት ነጥሮ ወደ መቺው ይሄዳል። ኳሱ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ነቢል ወረወረ፤ ባካሪ መትቶ ጫካው ውስጥ ከተተው። ደገመ፤ ያንንም ጫካ ከተተው። ሦስተኛው ከዛፎቹ በላይ አልፎ ሲጠፋ ባካሪ መምቻውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በስዋሂሊ ጮኸ፦

«ይህን ልጅ ዛሬ ቁርስ ያበላው የለም እንዴ? ኳሱ ራሱ እያዛጋ ነው የሚደርሰኝ!»

እንግዶቹ አውካኩ። ከቢርም ሳቀ። ስዋሂሊ ቀልድ ከሰማ ዘመን አልፎት ነበርና ሳቁ ከሆዱ ፈንቅሎ ወጣ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ነቢል ዞር አለ። ቃሉ አልገባውም፤ የአባቱን ሳቅ ግን አየ።

ያን ጊዜ ከቢር የልጁን ፊት አየና ሳቁን አቆመ። ነቢል ከሕፃንነቱ ሲናደድ አይጮኽም። ንዴቱ ጫፍ ሲደርስ ፊቱ እንደ ተኛ ሰው ይረጋጋል። በዘጠኝ ዓመቱ የክፍሉን ልጅ በድንጋይ ጥርሱን ሲያወልቅ ከቢር የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ፊቱ እንዲሁ ነበር።

ነቢል ከወትሮው ርቆ ሄደ፤ ዞረ፤ ተንደረደረ። ኳሱ ከመቺው ራቅ ብሎ መሬት መታና ሽቅብ ተነሣ። ባካሪ ፊቱን አዞረ። ኳሱ ከጆሮው ሥር አገኘው።

ወዲያው አልወደቀም። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ሮጦ ለደረሰው ወንድሙ «ደህና ነኝ» አለው። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ፤ ከዚያ ጋደም አለ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አምቡላንስ መጣ፣ ሐኪሞቹ ሳሩ ላይ ተንበርክከው ታገሉ፣ ወሰዱት። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ፖሊሶች ሁሉንም ጠየቁ። ሁሉም የጨዋታ አደጋ ነው አሉ። ነቢል «ኳሱ አመለጠኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከቢርም ተጠየቀ። «ጨዋታውን አላውቀውም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ፖሊሱም መዝግቦ አመሰገነው።

በሕጉ መሠረት ሬሳው ተመርምሮ እስኪለቀቅ ዓርብ ሆነ። የቡድኑ ሰዎች ቪዛቸው ስላለቀ ሐሙስ በረሩ፤ ሹዓይብ ብቻ አስፈቅዶ ቀረ። ኢማሙ ለከቢር ደወሉ።

«ሌላ ሰው ልፈልግ፣ ከቢር?»

«ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ አጣቢ የለም» አለ።

አይሻ በሩ ላይ ቆማ፣ «አትሂድ» አለችው። «ልጅህ የገደለውን ሰው እንዴት በእጅህ ትነካለህ?»

«ሌላ ማን ይንካው?» ብሎ ጫማውን አሰረ።

ሹዓይብ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ሬሳውን ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ በጨርቅ ሸፍነው ማጠብ ጀመሩ። መርማሪዎቹ ደረቱንም ራሱንም ከፍተው በወፍራም ክር ሰፍተውታል። ከቢር ስፌቱ እንዳይላቀቅ ውሃውን በመዳፉ እየተቀበለ አፈሰሰው። ከጆሮው ሥር ያለው ቦታ ጠቁሮ፣ የእንቁላል ያህል ሆኖ ይታያል። ሹዓይብ እዚያ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ሄልሜቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ። «መልሼ ልደፋበት እችል ነበር። ሰው ፊት እንዳላዋርደው ብዬ ተውኩት።»

ከቢር ውሃውን ማፍሰሱን ቀጠለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ እዚያ ነበሩ፤ አባቱ ነዎት፤ ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጁ አስቦበት ነው?»

ከቢር የሽማግሌውን ቃል አሰበ። የታሰረ ምላስ የታዘዘው ለሟች ነው፤ ለገዳይ አይደለም። አላየሁም ማለት ይችል ነበር። ጨዋታውን አላውቀውም ማለትም ይችል ነበር። ግን ባካሪ በመካከላቸው ተኝቷል፤ ፀጉሩ እርጥብ ነው።

«ሊመታው ፈልጎ ነበር» አለ። «ሊገድለው አይደለም። ሊያስደነግጠው፣ ሊያሳምመው ነው የፈለገው። ፊቱን አይቻለሁ።»

ሹዓይብ ማጠቢያውን ጨርቅ አንሥቶ የወንድሙን እግር ጣቶች አንድ በአንድ አጠበ። አድርቀው፣ ካፉር የሚባለውን ሽቶ ቀብተው፣ ከፈኑን ጠቀለሉ። የራስጌውን ቋጠሮ ሊያስሩ ሲሉ ሹዓይብ ቀና ሳይል፣ «ልጅዎ የጀናዛው ሶላት ላይ እንዳይቆም» አለ። «ለፖሊስ አልናገርም። ለእናቴ ግን እነግራታለሁ። እሷን አልዋሽም።»

ከቢር ቤቱ ሲገባ ነቢል ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ለሶላቱ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አትመጣም» አለው። «ወንድሙ ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ነገርኩት።»

ነቢል መጀመሪያ በጀርመንኛ ጮኸ። ሕግ አለ፣ ምርመራ አለ፣ እንዲያ መወርወር የተፈቀደ ነው አለ። አይሻ ክንዱን ይዛ «ቀስ በል፣ ልጄ» ብትለውም አልሰማትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ሰውየው ሲሰድበኝ አንተ ሳቅህ» አለ። «ሊያየኝ የመጣ አባቴ ከእነሱ ጋር ሳቀብኝ። ይህንንስ ነገርከው?»

ከቢር ቀልዱ ስድብ እንዳልነበረ፣ ስለ ቁርስ እንደነበረ ሊያስረዳው ፈለገ። ግን ምን ይጠቅማል? «አልነገርኩትም» አለ።

«ስለዚህ የእኔን ብቻ ተናገርክ።»

ነቢል ጀለቢያውን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ወጣ። በሳምንቱ ካሰል ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለእናቱ ይደውላል፤ አባቱ ስልኩን ሲቀበል ይዘጋል። መስከረም ላይ ወንጀል የለበትም የሚል ደብዳቤ በአሮጌው አድራሻው መጣ። አይሻ ከፍታ አነበበችውና በፖስታ ላከችለት። ደስ ያለው አልነበረም። መስጊድ ውስጥ አንዳንዱ ከቢርን እውነተኛ ሰው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ልጁን የሸጠ ይለዋል። እሱ ሲጠሩት ይሄዳል፤ ያጥባል፤ ይመለሳል። ስለ ሳቁ ለሹዓይብ ሊጽፍለት ስንት ጊዜ ጀምሮ ስንት ጊዜ አጠፋው።

ታኅሣሥ ላይ፣ መጋዘኑ ውስጥ የዕረፍት ሰዓት ላይ ሳለ፣ ከኬንያ ስልክ ተደወለለት።

«ሹዓይብ ነኝ» አለ ድምፁ። «ልጅዎ እዚህ ነው። እርስዎ ነዎት የላኩት?»

ከቢር ከወንበሩ ተነሣ። «አይደለም። አላወቅሁም።»

«መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ግቢያችን ውስጥ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ወደ ማደሪያው ይሄዳል። ምን ፈለግህ ብዬ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ‹ኳሱ አላመለጠኝም› አለኝ። ‹ለእናትህ ራሴ ልነግራት ነው የመጣሁት› አለኝ።»

«እሷስ?»

«አልወጣችለትም። ከመስኮት ታየዋለች። እኔም ውጣ አላልኩትም፣ ግባም አላልኩትም። እህቴ ምሳ ታወጣለታለች፤ ይበላል።»

ከቢር በልቡ ይዞት የከረመውን ሳቅ ያን ጊዜ ተናገረ። ወንድምህ ቀልዶ ነበር፣ እኔም ስቄ ነበር፣ ልጄ ያየው እኔን ነው አለ። ቃሉ በስዋሂሊ እየተሰባበረበት እስኪጨርስ ሹዓይብ ጠበቀው።

«ምን ብሎ ነበር የቀለደው?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሩቅ ነበርኩ፣ አልሰማሁትም።»

ከቢር ነገረው። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየውም።

«ልምጣ እንዴ?» አለ ከቢር።

«አይምጡ። ይህ የእሱ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ከቢር ወዲያው ለአይሻ ደወለና ልጃቸው የት እንዳለ ነገራት። ባዶው የዕረፍት ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ስታለቅስ እየሰማ፣ ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ።