ለሰላምታ መውረድ

ረዲ ትልቅ ሰው ካየ ከብስክሌት ይወርዳል። እኛ አገር ፈረስ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ግን ፈረስ ሌላ፣ ውድድር ሌላ! ረዲ ግን ይህ አይገባውም። አባቱ በፈረስ ያስተማሩትን እሱ በብስክሌት ይፈጽመዋል፤ ደረቱ ላይ የውድድር ቁጥር ለጥፎም ቢሆን።

ውድድሩ የጥንድ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከዲንሾ ተነስተን፣ በገብስ እርሻ መሃል አርባ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ወጥተን ወርደን ሮቤ እንገባለን። ሰዓት የሚያዘው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መስመሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለደረሰ ሜዳሊያ የለም። እኔና ረዲ አራት ጊዜ ተወዳድረን አራቱንም ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ነው የደረስነው። አምና ያለፈን በሰባት ደቂቃ ነበር። ረዲ መንገድ ላይ የወረደላቸው ሽማግሌዎች ደግሞ ዘጠኝ ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱም በአጭር አይለቀውም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ዘንድሮ ግን የመጨረሻችን ነበር። ረዲ ሮቤ ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን ዘግቶ፣ ሚስቱን ሃጂራንና ልጆቹን ይዞ አባቱ ወዳሉበት ከተማ፣ ወደ ብድሬ ሊገባ ነው። አባቱ ደክመዋል፤ የከብት ንግዳቸውን የሚይዝላቸው ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ በቀላሉ ሆዴ የሚባባ ሰው አይደለሁም። ያቺን ሜዳሊያ ግን ፈለግኋት። ከእሱ ጋር የጋለብኩባቸው ዓመታት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅለው እንዲታዩኝ ፈለግሁ።

ስለዚህ ዲንሾ ላይ፣ ገና ሳንነሳ፣ ያዝኩት።

«ሮቤ እስክንገባ ለማንም አትወርድም።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህህን አውቀዋለሁ! ቃል ግባልኝ።»

«እሺ ጉዲና፣ ቃሌ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን ጥርሱን ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው ጨፈገገ።

ቃሉን ጠበቀ። ሽማግሌ ባየ ቁጥር እጁን እያነሳ፣ «ይቅር በሉኝ!» እያለ አለፈ። በረርን! ሁልጊዜ ጥለውን የሚሄዱትን ሌንሳንና ሰቢሪናን ሳይቀር ቀደምናቸው። ሮቤ ለመግባት አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ሰዓቴ አምስት ተኩል እንኳ አልሞላም።

እዚያ ጋ አባ ኪያ በራቸው ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሮቤ በምትኖረው ልጃቸው በኪያ ነው የምንጠራቸው። ረዲ ልምምድ በወጣን ቁጥር ይወርድላቸዋል፤ አንድም ቀን ቀርቶበት አያውቅም።

«ረዲ! አካም ጅርታ?» ብለው ደህንነቱን ጠየቁት።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አባ ኪያ!» ብሎ አለፈ። አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ረገጠ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን የእኔ ሰንሰለት ወለቀ። ሳስገባ ሌንሳና ሰቢሪና ደረሱብን።

«ረዲ፣ ማን ሞተ?» አለች ሌንሳ።

«ማንም።»

«እንግዲያው አባ ኪያን ምን አልካቸው? እያለቀሱ ወደ ሮቤ በእግራቸው እየመጡ ነው። ‹ረዲ ሳይወርድልኝ ያለፈው መርዶዬን ይዞ፣ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ነው፤ ኪያ አንድ ነገር ሆናለች› ይላሉ። ምንም ብንላቸው አልሰማ አሉን።»

አገራችን መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ የያዘው ሰው ይሸሻል። ሽማግሌው እንዲያ ማሰባቸው አይፈረድባቸውም።

ረዲ አየኝ። እንመለስ አላለም፤ ቃል ገብቶልኛል። ቢለምነኝ እኮ እከራከረው ነበር!

«ደውልላቸው» አልኩ።

«ስልክ አይዙም።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ይቀራል። ሜዳሊያዋ ሩብ ሰዓት የማትሞላ መንገድ ላይ ናት።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዙር!» ብዬ ጮህኩበት፤ ቀድሜውም ዞርኩ።

አባ ኪያ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ ወድቀው እየተነሱ ሲመጡ አገኘናቸው። ፊታቸው በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኗል። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ። ከብስክሌቴ ዘልዬ ወረድኩ።

«አባ ኪያ፣ ማንም አልሞተም! ኪያ ደህና ናት።»

«ታዲያ ይሄ ልጅ ለምን አልወረደም?»

«እኔ ከልክዬው ነው።»

«ለምን?»

ረዲ ኪያ ጋ ደውሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ድምጿን ሲሰሙ መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው እንደገና አለቀሱ። ሲበቃቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተነሱና ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን። ለእኔም አልቀረልኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ እስከ ቅድመ አያቴ ጠየቁኝ።

ሮቤ ስንገባ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ መስመሩን እየጠቀለሉት ነበር። አልዋሽም፣ ቆጨኝ። ረዲ ሻይ ልጋብዝህ ቢለኝም አኩርፌ ቤቴ ገባሁ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ስሄድ፣ የብድሬው መኪና ፍራሽና ድስት ጭኖ አለፈኝ። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ብዬ ከዋዜማው ተሰናብቼው ነበር። መኪናው ትንሽ ሄዶ ቆመ። ረዲ ወረደ።

በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ለእኔ መውረድ አልነበረበትም። መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«አካም ጅርታ ጉዲና? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ?»

እኔ ዶሮ እንኳ የለኝም። «ደህና ናቸው» አልኩት።

«ዝናቡስ?»

«ተመስገን።»

ሾፌሩ ክላክሱን አምባረቀው። ተሳፋሪው በመስኮት ያጉረመርማል። ይጠብቁ! የረዲን እጅ ሳልለቅ እኔም በተራዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«አንተስ ረዲ፣ ቤት ደህና?»