መርፌው ሳይወድቅ

ባሌ ደንስታን ሥራው ጣራ በሳር መክደን ነው፤ ጣራ ላይ ሲወጣ አንበሳ ነው። መሬት ሲወርድ ግን ይሉኝታ ይገድለዋል። ሰው እግሩን ቢረግጠው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። እንግሊዝ ሁሉ እንዲህ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ የኔው ግን ባሰበት። ቤታችን ለጨረታ የቀረበ ዕለት ዋጋ እንዲጠራልን ያመንኩት እንግዲህ ይህንን ሰው ነው። ምን ላድርግ፣ እኔ ሲሞቀኝ እጮሃለሁ። «አንቺ ከጠራሽ ጨረታው ቀርቶ ጠብ ይሆናል» አለኝ፤ ሐሰት ነው አልልም።

ቤቱ ጎጆ ስንወጣ የተከራየነው ነው፤ ባለቤቷ የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ናት። የደወሉ ግንብ ሲሰነጠቅ ማሳደሻ ጠፋና ቤቱን መሸጥ ግድ ሆነ። መንደራችን ኮምብሌይ ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚከራይ ቤት የለም። የለንደን ሰዎች አንድ በአንድ ገዝተው፣ ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ብቅ ይሉባቸዋል። ይህን ቤት አጣን ማለት መንደሩን አጣን ማለት ነው።

በእኛ መንደር የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሚሸጠው በሻማ ነው፤ ከጥንት እንዲህ ነው። ሻማው ጎን ላይ መርፌ ይሰካና ይለኮሳል። ሰሙ ቀልጦ መርፌው እስኪወድቅ ዋጋ ይጠራል፤ ሊወድቅ ሲል መጨረሻ የጠራው ይገዛል። ሻማው እስኪጠፋ ድረስ ከወንበር መነሳት ክልክል ነው። ዋጋ ከሚጠራ ሰው በቀርም ማንም ትንፍሽ አይልም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እርጥብ ካፖርትና እርጥብ ውሻ ይሸታል። በግ አርቢው ሽማግሌ ባርናቢ ከኋላዬ ጎንበስ አሉና፣

«ተምሲን፣ ተቀናቃኛችሁ ያ ነው?» አሉኝ በአገጫቸው እያሳዩ። «ጫማው ጭቃ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።»

«ተዉኝ እባክዎ፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው።»

«ትውጣ፤ ብቻ መርፌው ላይ እንዳትወድቅ።»

ሰውየው አቶ ላሴልስ ይባላል። ከለንደን ነው የመጣው፣ ከደንስታን አጠገብ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ባለጌ ቢሆን እንኳ ደስ ብሎኝ እጠላው ነበር።

ጨረታውን የሚመሩት ወይዘሮ ፔንደር ሻማውን ለኮሱ። አቶ ላሴልስ ጠራ፤ ደንስታን ጨመረ። አቶ ላሴልስ ደገመ፤ ደንስታንም ደገመ። እኔ ጉልበቴን ጨብጬ መርፌውን ብቻ አያለሁ። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ወጥረው ይዘውኛል። ብዙም ሳይቆይ ባንኩ ወደፈቀደልን ጫፍ ደረስን፤ አንዲት ጥሪ ብቻ ቀረችን። አቶ ላሴልስ በላያችን ጠርቷል። ያቺን አንዲት ጥሪ መርፌው ሊወድቅ ሲል እንድንጠራት ቤት ውስጥ ተማክረናል፤ ምልክቱ የኔ ቁንጥጫ ነው።

መርፌው ዘመም አለ። ቆየሁ። እንደገና ዘመም አለ። የደንስታንን ጭን ቆነጠጥኩት። ደንስታን አፉን ከፈተ። በዚያችው ቅጽበት አቶ ላሴልስም አፉን ከፈተ። ሁለቱ ተያዩ።

«ይቅርታ» አለ ደንስታን። «እርስዎ ይቅደሙ።»

ጆሮዬን አላመንኩም።

«አይ፣ አይ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት የጀመሩት» አለ አቶ ላሴልስ እጁን ዘርግቶ።

«እንዴት ይሆናል! እንግዳ እኮ ነዎት።»

«እባክዎ፣ እኔ አልቸኩልም።»

መርፌው ጫፉ ብቻ ቀርቶት ተንጠለጠለ! ወይዘሮ ፔንደር ዓይናቸው ፈጠጠ፤ መናገር ግን አይችሉም። ባርናቢ ከኋላዬ ወንበሬን በእግራቸው ገፉት። ደሜ ፈላ። የቀረችንን ጥሪ እንዳለች፣ ከባሌ ትከሻ በላይ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኼ ጠራኋት።

መርፌው ሳህኑ ላይ ቅጭል አለ።

ማንም አልተነሳም፤ ሻማው ገና አልጠፋማ። ወይዘሮ ፔንደር መነጽራቸውን ፈለጉ። ቦርሳቸው ውስጥ የለም፤ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አጠለቁት፣ መርፌውን አንስተው አገላብጠው አዩት። ሴትዮዋ ካልቸኮሉ አልቸኮሉም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሊፈነዳ ደርሷል። በመጨረሻ ሻማውን እፍ አሉና፣ «የተምሲንና የደንስታን ነው» አሉ።

ያን ጊዜ የሆነውን ጩኸት ኮምብሌይ ሰምታ አታውቅም። ውሾቹ ጮኹ። ቄሱ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ግንባቸው ሊታደስላቸው ነው። አቶ ላሴልስ ተነስቶ ጨበጠኝ።

«ጥሩ ጨዋታ ነበር» አለ፣ ከልቡ ነው።

«በጣም ይቅርታ» አለው ደንስታን።

«ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትለው፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሰው ፊት አቅፌው አላውቅም ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን አለቀቀኝም።

ባርናቢ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡን። እሳቸው እንኳን ደስ አላችሁ የሚባል ነገር አያውቁም። ቆባቸውን አዟዟሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አትሄዱም ማለት ነው?»

«አንሄድም» አልኳቸው። ልደግመው ስል እንባዬ ቀደመኝ።