ጫካው ሳይደረስ

ታገኘ ፍሬኑን በድንገት ጨምቆት ኖሮ፣ የፊተኛው ጎማ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ራሱም ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ከኋላው ይከተል የነበረው ሀብተ ሚካኤል መጀመሪያ ሳቀ። ጧት ከዳባት ሲነሡ "አንተ ደባርቅ ሳትገባ እኔ ተመልሼ እመጣለሁ" እያለ ሲፎክርበት የነበረ ሰው እንዲህ አፈር ሲልስ ማየት ደስ ይላል። ወዲያው ግን ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ደም ሲወርደው አየና ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠ።

ቀድማው የደረሰች አንዲት አሮጊት ነበረች። የተሸከመቻቸውን ማሰሮዎች መንገድ ዳር አውርዳ እየሮጠች መጣችና፣ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿ ወደ ወደቀው ሰው ተዘርግተዋል፤ ነገር ግን አትነካውም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ይገትርሻል? አንሺው እንጂ!" ሲል ሀብተ ሚካኤል ጮኸባት።

"አልነካውም" አለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። "አልነካውም እንጂ ልጄስ ልጄ ነው።"

ሀብተ ሚካኤል ክው አለ። ታገኘ በዳባት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ የእሱም ባልደረባ ነው። በጥር ደግሞ የሀብተ ሚካኤልን እህት ወለተ ጊዮርጊስን ያገባል። የታገኘ እናትና አባት አዲ አርቃይ በወባ እንዳለቁ ያልሰማ የዳባት ሰው የለም። የወለተ ጊዮርጊስ አባት ቄስ ወልደ ሩፋኤል "ሰውየው መልካም ነው፤ አጥንቱስ ከወዴት ነው?" ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ "ለእሱ ዘር እኔ እምላለሁ" ብሎ መስቀላቸውን ስሞ የማለው ሀብተ ሚካኤል ራሱ ነበር።

"ተሳስተሻል" አለ። "የእሱ እናት ሞታለች። ራሱ ነው የነገረኝ።"

አሮጊቷ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

"ሞታለች አልህ?"

ታገኘ ጉልበቱን በመዳፉ ይዞ አቀረቀረ።

"መቼ ነው የሞትኩት? ማን አለቀሰልኝ?"

"እምዬ…" ብሎ ሊነሣ ሲል ወደ ኋላ ሸሸች።

"አትጠጋኝ! ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ይረክሳል። እኔ ከሞትኩ ሬሳ ነኝ።"

ይህን ጊዜ ነው ሀብተ ሚካኤል ማሰሮዎቹን ያስተዋላቸው፤ ከወንዙ ማዶ የተሰበሰቡትን የሣር ቤቶችም። የቤተ እስራኤል መንደር ነው፤ ሰዎቹ ክርስቲያን ከነኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም። ልጅ ሳለ በዚህ መንገድ ባለፉ ቁጥር እናቱ "ዓይናቸው ይበላል" እያለች ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። መምህር ከሆነ ወዲህ "ተረት ነው" እያለ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ማስተማሩስ ቀላል ነው፤ አሁን ግን ባልንጀራውን ለማንሣት የዘረጋው እጁ ሳያዘው ተመለሰ። በዚያ እጁ አፈረ፤ ይባስ ብሎ ታገኘ አይቶታል።

"መስቀል ስሜ አይደል የማልኩልህ?" አለ ሀብተ ሚካኤል። "አባቴ ፊት! አሁን ምን ብዬ ነው የምገባው?"

"ዛሬ ልነግርህ ነበር። ብስክሌቶቹን ደባርቅ አስቀምጠን፣ ወደ ፓርኩ ወጥተን፣ የአስታ ዛፍ ጫካ ውስጥ ሰው በሌለበት። እምዬ በሥራ ቀን ይህን መንገድ ትይዛለች ብዬ አላሰብኩም፤ ድንገት ሳያት ነው ፍሬኑን የያዝኩት…" እናቱን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። "ወለተ ጊዮርጊስ ታውቃለች።"

"ምን?"

"በክረምት ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ 'ለወንድሜ አንተው ራስህ ንገረው፤ ከእኔ አፍ አይስማ' አለችኝ።"

ሀብተ ሚካኤል ዞሮ ወደ መጡበት መንገድ ተመለከተ። እህቱ ዛሬ ጧት ስንቃቸውን ስትቋጥር ዓይኑን ሸሽታ እንደ ነበር ትዝ አለው።

አሮጊቷ የሁለቱን ጭቅጭቅ አልሰማችም፤ የምታየው ደሙን ብቻ ነው። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ቀደደችና ወረወረችለት።

"እሰረው" አለች። ቁጣዋ ወርዶ ነበር። "አባትህንም ገድለኸዋል?"

ታገኘ ጨርቁን ከመሬት አነሣ።

"እሱንስ አልዋሸህም። ዓምና በኅዳር ቀበርነው። እስከ መጨረሻው 'ልጁ መጣ ወይ' ይል ነበር።"

ታገኘ ጨርቁን እንደ ያዘ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት በምላሱ የቀበረው አባት ዓምና እውነትም ሞቶ ኖሯል።

"ተነሥ" አለች እናቱ። "አንገትህ ላይ ያሰርኸውን ክር አላየሁም። ወንዝ ውረድና ታጠብ። ጀንበር ስትጠልቅ ትገባለህ፤ ያን ጊዜ አቅፍሃለሁ።"

ታገኘ እያነከሰ ቁልቁል ወረደ፤ እሷም ማሰሮዎቿን ተሸክማ፣ እንዳትነካው ያህል ርቃ፣ ከዓይኗ እንዳይጠፋ ያህል ቀርባ ተከተለችው።

ሀብተ ሚካኤል ከሁለት ብስክሌቶች ጋር ብቻውን ቀረ። አሁኑኑ ቢነሣ ከምሳ በፊት አባቱ ፊት ቀርቦ "ተታለልኩ" ማለት ይችላል፤ መሐላውም ከላዩ ይወርዳል። ብስክሌቱን አነሣ፤ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ከታች ታገኘ ልብሱን አውልቆ ወደ ውኃው ሲገባ ይታያል። የጥቅምት ውኃ አጥንት ይሰብራል፤ ሆኖም ራሱን ነከረ፣ ደግሞ ነከረ።

"የቄሱ ልጅ!" የሚል ድምፅ አስደነገጠው። የአባቱ ጎረቤት ደምለው ነው፤ በቅሎውን ጭኖ ወደ ደባርቅ ገበያ ይሄዳል። "እዚህ ምን ገተረህ? ይህ መንደር የማን እንደሆነ አታውቅም?"

"አውቃለሁ፣ አያ ደምለው።"

"ታዲያ?" ሰውየው አንገቱን ወደ ወንዙ አሰገገ። ይህ ሰው ያየውን ማታ ዳባት በሙሉ ያየዋል። "ያ የሚታጠበው ማን ነው? ማንን ነው የምትጠብቅ?"

ሀብተ ሚካኤል እግሩን ከፔዳሉ አወረደ።

"አማቼን" አለ፣ ብስክሌቱንም ድንጋይ ላይ አስደግፎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ።