ያልተከፈተው ሳሙና

ወለቴን ያንገበገባት ሳሙና ነው። ሳሙና ሰው ያስቀይማል ወይ ቢሏት፣ «እኔን አስቀይሞኛል!» ትላለች፤ ዓመታት አልፈውም ቂሟ አልለቀቃትም።

የወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሉሊትን በአደራ እንድታሳድግ ሲሰጣት ልጅቷ ገና ትንሽ ነበረች። ደጋ ላይ ናዳ ወርዶ ቤታቸውን ከነወላጆቿ ውጦታል። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሉሊት አልጋ ሥር ትገባለች፤ ጭቃ የሚባል በእግሯ አትረግጥም። ወለቴ ይህን ብትናገር፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ «አይዞሽ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ ይደረግላታል» አላት። የመጣው ድጋፍ አንድ ካርቶን ሳሙና ሆነ። በዓመቱ ሄዳ ጠየቀች፤ አሁንም ሳሙና።

«ልጄ ሳይሻላት ይህን ሳሙና ብከፍት፣ አደራ በላ በሉኝ!» ብላ ማለች።

ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ሲቀላ በሚባለው ገበያ ትቸረችራለችና ጎረቤቷ ልክነሽ፣ «ቤቷ የሳሙና መጋዘን፣ እሷ ግን ዓሣ ዓሣ ትሸታለች!» እያለች ታስቅባታለች።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱም መረረው። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ከክፍል እየሮጠች የምትወጣ ልጅ እንዴት ትማራለች? «ሳይሻላት እንዳታመጪያት» አሏት። ወለቴ ካርቶኖቹን ባጃጅ ላይ ጭና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አራገፈቻቸው።

«እናቴ፣ እዚህ መቸርቸር ክልክል ነው» አላት ዘበኛው።

«መች ልሸጥ መጣሁ? ልመልስ ነው!»

ጫጫታውን ሰምታ ሰብሊ ወጣች፤ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት። «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ድጋፍ አላችሁ፣ ሳሙና ሰጣችሁ። እኔ አልተማርኩም፤ ግን ፍርሃት በሳሙና እንደማይለቅ አውቃለሁ። ለፍርሃት ሐኪም አለ ወይስ የለም?»

ሰብሊ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «አለ፣ እትዬ። እስከዛሬ ያላገናኘናችሁ እኛ ነን። ሳሙናውን ግን ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው።»

በሳምንቱ ራሷ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናባስ ሉሊትን «ምን ሆንሽ?» አላላትም፤ አፈር በሣህን አቀረበላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አፈሩ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረገበት።

«ይሄ ሐኪም ነው ወይስ ግንበኛ?» አጉረመረመች ወለቴ።

«ይታገሡት እትዬ» አለች ሰብሊ።

እያጉረመረመችም አንድ ቀጠሮ አላስቀረችም። እያደር ሉሊት በዚያ ጭቃ ቤት ሠራች፤ ስለ እናቷም ማውራት ጀመረች።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ወለቴ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር ብታይ ባዶ ነው። ደንግጣ ወጣች። ሉሊት ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ መቃኑን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፣ እግሯ ግን ጭቃው ውስጥ ነው።

«እማ፣ እግሬ ጨቀየ።»

«ተመስገን! እሰይ ጨቀየ!» ወለቴ እዚያው ቆማ ሰብሊን መረቀች፣ በርናባስን መረቀች፣ ዘበኛው እንኳ አልቀረም። ከዚያ ከጽሕፈት ቤቱ መልሳ ካመጣቻቸው ካርቶኖች አንዱን ጎትታ አወጣች፤ የአንዱን ሳሙና ወረቀት በጥርሷ ቀደደችና ልጅቷን ደፉ ላይ አስቀምጣ እግሯን ታጥብላት ጀመር።